የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከአኮ እስከ ቂሣርያ፣ የባሕር ዳር ዕረፍት

በዚህ ወር የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በእስራኤል ሰሜናዊ የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በተለይም በጥንታዊቷ የአኮ ከተማና በአካባቢዋ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ሰዓቱን የጻፍነው በሀገራችን አቆጣጠር ነው፤ በር ወይም ቲኬት ላይ 9:00 ብለው የሚያዩት የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ዓመቶቹ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በነሐሴ የልጆች ዕረፍት አንድ ቀን አኮ ልንሄድ አስበናል። እናቴ 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ሦስት ልጆች አሉን፣ ትንሹ 5 ዓመቱ ነው። መኪና የለንም። ከየት እንጀምር? ምንስ እንተው?
(አንባቢ፣ ከነታንያ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ውስጥ ይሁን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባቡር ይቆማል፣ ቲኬት የሚያስከፍሉት ቦታዎችም ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ቅዳሜ ደግሞ እስከ ማታ ባቡር የለም፤ የአሮጌው ከተማ ገበያ ክፍት ስለሚሆንም ከመላ ሀገሪቱ በመኪና የሚመጣው ሰው መንገዱን ያጣብበዋል። አረጋዊት እናትና ትንሽ ልጅ ይዞ በዚያ መሀል መግባት ድካም ነው።

ባቡሩ ወደ ናሃሪያ የሚሄደው ነው። ከነታንያ አንዳንዱ ጉዞ መሀል ላይ ባቡር ያስቀይራል፤ መቀየሪያውን ከመነሳትዎ በፊት ይዩት። ራቭ-ካቩን (የሕዝብ ማመላለሻ መክፈያ ካርድዎን) ጣቢያ ሳይደርሱ ይሙሉ። ሲሳፈሩ በግራ በኩል ይቀመጡ፤ ሐይፋ ሊደርሱ ሲሉ ሐዲዱ ባሕሩን ተጠግቶ ይሄዳል፣ ልጆቹም ይደሰታሉ። ከአኮ ጣቢያ እስከ አሮጌው ከተማ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ጎረምሳ በ25 ደቂቃ ይደርሳል፤ እናትዎ ግን ጉልበታቸውን ለውስጡ ይቆጥቡ፣ ታክሲ ይያዙ። ሾፌሩ ሞኔውን (የታክሲውን ሂሳብ ቆጣሪ) እንዲያበራ ይጠይቁ፣ «አል-ጀዛር መስጊድ» ይበሉት።

የነሐሴ ቀን ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው በቅደም ተከተሉ ነው። ጠዋት ባሕሩ ይረጋል፣ ቀትር ላይ ሙቀቱና ወበቁ ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የሚነሳው ነፋስ ሞገዱን ያስነሳዋል። ስለዚህ ጀልባና ገበያ ጠዋት፣ የመሬት ውስጡ ቀትር ላይ፣ የባሕሩ ግንብ አመሻሽ ላይ ይሁን። ብዙ ቤተሰብ ይህን ገልብጦት ቀትር ላይ ግንብ ለግንብ ሲዞር ይውልና፣ አዳራሾቹ ጋ ሲደርስ በሩ ሊዘጋ ደርሶ ያገኘዋል።

በ3 ሰዓት ከደረሳችሁ መስጊዱን አስቀድሙ። የኦቶማን ገዢ የነበረው ጀዛር ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1781 ያሠራው ነው፤ አረንጓዴ ጉልላቱ ከሩቅ ይታያል። መጠነኛ የመግቢያ ክፍያ አለው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፣ ነጠላ ከያዙ ሌላ አያስፈልግም። በጸሎት ሰዓት፣ በተለይ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ጎብኚ አይገባም። ከዚያ በገበያው መሀል ወደ ወደቡ ውረዱ። ጀልባዎቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ግንቡን ዞረው ይመለሳሉ። ዋጋውንና የሚነሱበትን ሰዓት ሳይሳፈሩ ጠይቁ፤ ሰው እስኪሞላ የሚጠብቁ አሉና ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መቆየት ይመጣል። ለልጆቹ በልካቸው የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ካልሰጡ አትሳፈሩ።

ወደቡ ጥግ ኻን አል-ኡምዳን የሚባለው የነጋዴዎች ማረፊያ አለ፤ ጀዛር እ.ኤ.አ. በ1784 ያሠራው ሲሆን፣ የሰዓት ማማው የተጨመረው በ1906 ነው። ስሙን ያገኘው ከግራናይት ዓምዶቹ ነው፤ ዓምዶቹ ከቂሣርያ ፍርስራሽ የመጡ ናቸው። ግቢው ለረጅም ጊዜ በእድሳት ምክንያት ተዘግቶ ስለቆየ፣ ከውጭ ማየት ብቻ ቢሆንባችሁ አትዘኑ።

ምሳ በልታችሁ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ወደ ሆስፒታለሮች ምሽግ ግቡ። ቲኬቱ የሚሸጠው ከምሽጉ አጠገብ ባለው የአትክልት ስፍራ ውስጥ ነው። አዳራሾቹን፣ የቴምፕላሮችን ዋሻና የቱርክ ሐማሙን (መታጠቢያ ቤቱን) አንድ ላይ የሚያስገባ ጥምር ቲኬት አለ፤ ሦስቱንም የምታዩ ከሆነ እሱ ይሻላል። ሆስፒታለሮች የታመመ ተሳላሚ የሚያስታምሙ፣ ጦርም የሚይዙ የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኮሳት ነበሩ፤ ቴምፕላሮችም እንዲሁ የዚያ ዘመን ጦረኛ መነኮሳት ናቸው። አኮ እ.ኤ.አ. በ1291 ግብፅን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች እጅ ስትወድቅ ቤታቸው ፈረሰ፤ ኦቶማኖች በኋላ አዳራሾቹን አፈር ሞልተው በላያቸው አዲስ ምሽግ ሠሩባቸው። ዛሬ መሬት ውስጥ የገቡ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በነሐሴ ቀትርም የሚቀዘቅዙት ለዚሁ ነው። የመመገቢያ አዳራሹ ክብ ዓምዶች እጅግ ወፍራም ናቸው፤ ሦስቱ ልጆችዎ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱን ለማቀፍ ይሞክሩ፣ አይደርሱም። ወለሉ በአብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ለእናትዎ አይከብድም። በመንገዱ ላይ አንድ ጠባብ የጥንት ፍሳሽ መተላለፊያ አለ፤ ሠራተኞቹን ከጠየቋቸው በሌላ በኩል ያሳልፏችኋል።

የቴምፕላሮች ዋሻ 350 ሜትር ነው። አንዱ አፉ ወደቡ ጋ፣ ሌላው በምዕራብ በመብራት ማማው አቅራቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአንድ ቤት ፍሳሽ ተዘግቶ ሲፈለግ ነው የተገኘው። በእንጨት ወለል ላይ ይኬዳል፣ ከሥር ውኃ ሲፈስ ይሰማል። አንዳንድ ቦታ ጎንበስ ያሰኛል፣ እርጥበትም አለው። እናትዎ ካልገቡ አንድ ሰው አብሯቸው ወደቡ ጋ ጥላ ሥር ይቆይ፤ ሌላው ልጆቹን ይዞ ገብቶ በዚያው ይመለስ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል።

የሚተወውን ጠይቀዋል። ሐማሙ ቆንጆ ነው፤ ግን የሚታየው የድምፅና የምስል ትርኢት ስለሆነ ልጆቹ ከደከሙ ይለፉት። ሙዚየሞቹን ሁሉ አንድ ቀን ውስጥ ለመጨረስ አይሞክሩ። የልጅ ጋሪም ቤት ይቅር፤ የአሮጌው ከተማ ድንጋይ በዘመናት እግር ብዛት ለስልሶ ያንሸራትታል፣ ጎማውም በየስንጥቁ ይገባል። ሁላችሁም የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ጓደኞቹ አኮ ላይ ከግንቡ ወደ ባሕር ሲዘሉ በቪዲዮ አይቶ «እኔም ካልዘለልኩ» እያለ ነው። ዋና በደንብ ይችላል። ልፍቀድለት?
(እናት፣ ከቂርያት ያም)

መልስ፦ አይፍቀዱለት። ከአሥር ሜትር የሚዘል ሰው ውኃውን የሚመታው በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው፤ አወዳደቁ ትንሽ ከተዛባ አከርካሪ ይጎዳል። ከግንቡ ሥር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የወደቁ ቋጥኞች አሉ። የሚዘሉት የሠፈር ልጆች ቋጥኙ የት እንዳለ ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ይጎዳሉ። ሞገድ ውኃውን ሲስበው ከደቂቃ በፊት ጥልቅ የነበረው ቦታ ጥልቀቱ ይቀንሳል። ዋና መቻሉ እዚህ ላይ አይረዳውም። ልቡ ከፍታ ከፈለገ ኢላት ወይም ሌላ ቦታ ሳይሄድ በተቆጣጣሪ የሚሠራ የመዋኛ ገንዳ መዝለያ ላይ ይማር።

ጥያቄ፦ በሐምሌ ወደ ባሕር በሄድን ቁጥር ሜዱዛ ያቃጥለናል። ምን ይደረግ? መቼስ መሄድ ይሻላል?
(አንባቢ፣ ከሐደራ)

መልስ፦ ሜዱዛ የተባለው ጄሊፊሽ በዚህ ዳርቻ በብዛት የሚመጣው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው፤ ዓመት ከዓመት ይለያያል። ዋነኛው ዓይነት በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር አቅጣጫ የገባ ነው። ውኃው ንጹሕ ሆኖ እንስሳው ባይታይም የተቆራረጠው ክሩ ብቻውን ያቃጥላል፤ «ምንም አላየንም» ብሎ መግባት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ካቃጠላችሁ ወዲያው ከውኃ ውጡ። ቦታውን በራሱ በባሕሩ ውኃ እጠቡ። የቧንቧ ውኃ አታፍስሱበት፤ ቆዳ ላይ የቀሩትን መርዛም ሕዋሳት ያፈነዳቸዋል። በአሸዋ ወይም በፎጣ ማሸትም እንዲሁ ነው። ኮምጣጤም ለዚህ ዓይነቱ አይመከርም፤ በሌላ አገር ዳርቻ የሚሠራው እዚህ ያባብሳል። የቀረ ክር ካለ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አድርጉበት። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ካበጠ፣ ማስታወክ ከመጣ ወይም ዓይን ከተነካ ወደ አምቡላንስ፣ 101 ደውሉ።

ከሜዱዛው ይልቅ ሰው የሚገድለው ግን ወደ ውስጥ የሚጎትተው ጅረት ነው። ሞገድ ወደ ዳር የገፋው ውኃ በአንድ ጠባብ መስመር ወደ ባሕር ሲመለስ የሚፈጠር ነው። ከላይ ሲያዩት ሞገድ የማይሰበርበት ረጋ ያለ ቦታ ስለሚመስል፣ ዋና የማይችል ሰው መርጦ የሚገባው እዚያ ነው። ከያዛችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳር አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ ከመስመሩ ስትወጡ ወደ መሬት ተመለሱ። ከደከማችሁ ተንሳፈፉና እጅ አንሱ። ነጭ ባንዲራ መዋኘት ይቻላል ማለት ነው፣ ቀይ አደገኛ፣ ጥቁር ፈጽሞ ክልክል። ማጺል የሚባሉት ነፍስ አድን ሠራተኞች ያሉት በዋናው ወቅት ብቻ ነው፤ ማማቸው ላይ ሰው ከሌለ ባሕሩም ተዘግቷል ብላችሁ ቁጠሩት።

ጊዜውን በተመለከተ የእኛ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው፤ በአውሮፓውያን ኦክቶበር ገደማ መሆኑ ነው። ውኃው የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፣ ሜዱዛው ሄዷል፣ ወበቁ ቀሏል።

ጥያቄ፦ ለትንሣኤ ከማኅበር ጋር ኢየሩሳሌም እሳለማለሁ። ከበዓሉ በኋላ አንድ ነፃ ቀን አለን። በባሕሩ ዳር ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚገናኝ ምን አለ?
(ተሳላሚ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቂሣርያ ይሂዱ። ለኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ከዚህ የሚቀርብ የባሕር ዳር ከተማ የለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬን ጃንደረባ ያጠመቀው ፊልጶስ፣ ከጥምቀቱ በኋላ እየሰበከ የደረሰው ቂሣርያ ነው። በምዕራፍ 21 ደግሞ ጳውሎስ ከጢሮስ መጥቶ ዛሬ አኮ በምትባለው ከተማ አንድ ቀን ይቆይና፣ በማግስቱ ቂሣርያ ፊልጶስ ቤት ያርፋል። ጴጥሮስ የመቶ አለቃውን ቆርኔሌዎስን ያጠመቀው፣ ጳውሎስም ሁለት ዓመት ታስሮ «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብያለሁ» ያለው እዚሁ ነው። ከመሄድዎ በፊት ምዕራፍ 8፣ 10 እና ከ21 እስከ 26 ያሉትን ያንብቡ፤ ድንጋዩ ያኔ ይናገራል።

ከተማውን ያሠራው ታላቁ ሄሮድስ ነው። ተፈጥሮአዊ ወሽመጥ በሌለበት ዳርቻ ወደብ ለመሥራት ከጣሊያን በመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ሲሚንቶ ተጠቅሟል። ዛሬ አብዛኛው ወደብ ከባሕር በታች ሰምጧል፤ ጠላቂዎች የሚያዩት የውኃ ውስጥ መንገድ አለው። በደቡብ በር ይግቡ፦ መጀመሪያ ቴአትሩ፣ ቀጥሎ ባሕሩ ላይ የተዘረጋው የሄሮድስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ከዚያ የሠረገላ መሽቀዳደሚያው፣ መጨረሻ ወደቡ። በቴአትሩ እ.ኤ.አ. በ1961 የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ተገኝቷል፤ እዚያ የሚያዩት ቅጂው ነው፣ ዋናው ኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ጥላ በጣም ጥቂት ነው፤ ባርኔጣና በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ይያዙ። ከፓርኩ በስተሰሜን ባሕሩ ዳር ያለው የሮማውያን የውኃ ድልድይ ትኬት አይጠይቅም፤ ብዙ ቡድን ሳያየው ይመለሳል።

በሕዝብ ማመላለሻ ከሆነ ከኢየሩሳሌም በባቡር ቴል አቪቭ ላይ ቀይረው ቢንያሚና ይውረዱ፣ ከዚያ ታክሲ። «ቂሣርያ-ፓርዴስ ሐና» የሚባለው ጣቢያ ስሙ ያታልላል፤ ከፍርስራሹ ሩቅ ነው፣ ታክሲም እንደልብ አይገኝም። የመመለሻውን ታክሲ ሰዓት ከወሰዳችሁ ሾፌር ጋር እዚያው ተስማሙ። አራት ሆናችሁ ከተካፈላችሁ ወጪው ይቀላል። ከማኅበሩ ተለይተው ከመሄድዎ በፊት ለጉዞ መሪው ያሳውቁ፤ ፓስፖርትዎንም ይያዙ።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ሰሜኑን ስንጎበኝ ምን እንበላለን? አብረውን ያሉት የባለቤቴ ዘመዶች ደግሞ ካሽሩት (የአይሁድን የምግብ ሕግ) የሚጠብቁ ቤተ እስራኤል ናቸው።
(አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ የጾሙ ቀላል ነው። የአኮ ገበያ የሁሙስ አገር ነው፤ ሽንብራ፣ ጠሒና፣ ሎሚና ዘይት ነው፣ በፉልም ይቀርባል። ጠንቀቅ የሚሉት አንድ ነገር፦ ብዙ ቤት ላዩ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ያደርጋል። «ብሊ ቤይፃ» ይበሉ፣ ይተውላችኋል። ላባኔ የወተት ነው፣ ክናፌም ውስጡ አይብ አለው፤ ሁለቱንም ይለፏቸው። ጥሩዎቹ የሁሙስ ቤቶች ጠዋት የቀቀሉት ሲያልቅ ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ከ6 ሰዓት በፊት ይድረሱ።

ለዘመዶቻችሁ ግን በአሮጌው ከተማ የካሽሩት ወረቀት ያለው ምግብ ቤት ጥቂት ነው፤ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀኑ ያላለፈ መሆኑን ይዩ። ዓሣ ቤቶቹ ደኒስና ላብራክ የሚባሉትን ዓሦች፣ በካሽሩት ከማይፈቀዱት ከሽሪምፕና ካላማሪ ጋር በአንድ መጥበሻ ሊሠሩ ይችላሉ። አዲሱ ከተማና ናሃሪያ ውስጥ ወረቀት ያላቸው በርካታ ቤቶች አሉ። ጉዟችሁ በአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ላይ ከዋለ በአይሁድ ሱቆች ዳቦ አይገኝም፤ በአኮ የዐረብ ዳቦ ቤቶች ግን ይጋገራል።

ጥያቄ፦ ሐይፋ የባሃኢ ሃይማኖት አትክልት ስፍራ ልናይ ሄደን ከታች በኩል ጥቂት ደረጃ ብቻ አይተን ተመለስን። ለምን?
(አንባቢ፣ ከሪሾን ለጺዮን)

መልስ፦ የገባችሁት በታችኛው በር ስለሆነ ነው። 19ኙ እርከኖች ለሕዝብ የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ሙሉውን ማየት የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ ጉብኝቱም ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። መነሻው የፌ ኖፍ ጎዳና 45 ነው፣ ክፍያ የለውም። የየቋንቋውን ሰዓት በድረ ገጻቸው አይታችሁ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ቦታው በመጡበት ተራ ነው። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ከውኃ በቀር ምግብ፣ ማስቲካም ጭምር፣ አይፈቀድም። በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ስለሚወረድ ጉልበት የሚያመው ሰው ላይኛው ሰገነት ላይ ይጠብቅ፤ ወደቡ፣ ወሽመጡና ሰማዩ ጥርት ካለ አኮ ራሷ ከዚያ ይታያሉ። ወደ ላይ ለመውጣት ከመሀል ከተማ ካርመሊት የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ይዛችሁ ጋን ሃኤም ውረዱ። በሰንበት አይሠራም።

ጥያቄ፦ ከአኮ ተነስተን ሮሽ ሃኒክራ ብንጨምር ይመቻል?
(አንባቢ፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ መኪና ከተከራያችሁ ግማሽ ቀን በቂው ነው፤ ነገር ግን ከአኮ ጋር በአንድ ቀን አታጨናንቁት። ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው፤ ሞገዱ ሥሩን ሲቦረቡር ኖሮ ዋሻ ለዋሻ የሚያገናኙ መተላለፊያዎች ፈጥሯል። ወደ ታች የምትወርዱት በአጭር ግን እጅግ ቀጥ ባለ የገመድ መኪና ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 ሐይፋን ከቤይሩት ለማገናኘት የቆፈሩት የባቡር ዋሻም እዚያው አለ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከምዕራብ ስለሚገባ ውኃው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ባሕሩ ሲቆጣ ድምፁ ያስደንቃል፤ ወለሉ ግን ያንሸራትታል፣ ልብስም ይርሳል።

ቦታው የሊባኖስ ድንበር ላይ ነው። እንደ ጸጥታው ሁኔታ ስለሚዘጋና ስለሚከፈት፣ በጉዞው ዋዜማ ቦታው ጋ ደውላችሁ መከፈቱን፣ ከፒኩድ ሃኦሬፍም (ለሲቪሉ ሕዝብ የደኅንነት መመሪያ ከሚሰጠው የሠራዊቱ ክፍል) የአካባቢውን መመሪያ አረጋግጡ። ወታደርና የድንበር አጥር ፎቶ አታንሱ። መኪና ስታቆሙ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ጠርዝ የሚከፈልበት፣ ቀይና ነጭ ፈጽሞ የማይቆምበት ነው፤ ቅጣቱ በአከራዩ በኩል ከተጨማሪ የአገልግሎት ክፍያ ጋር አሜሪካ ድረስ ይከተላችኋል።